የጤነኛው ሰው ውጤት

ቆላ የሚኖር ሰው ትኩሳት ሲይዘው መጀመሪያ ምን እንደሚመኝ ታውቃላችሁ? ወባ! አዎ፣ ወባ። ቢያንስ የምናውቃት ናት። እኔም ሸሕዲ ከተማ፣ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ብርድ ብርድ ሲለኝ "ወባ ባደረገው" አልኩ። ተመረመርኩ። የለም።

ታዲያ ምንድን ነው? ላማችንን ሳልብ መዥገር ብብቴ ሥር ተጣብቃብኝ እንደነበር ለሐኪሙ ነገርኩት። ብብቴን ደጋግሞ አየ። ሐኪም አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲያይ እንዴት እንደሚያስፈራ! መድኃኒት ጻፈልኝና ለምርመራ ደም ስጪ አለኝ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ሰናይት ረጋ ብላ አስረዳችኝ። በምርመራው የሚፈለገው የበሽታው ተህዋስ ራሱ ሳይሆን፣ ሰውነቴ እሱን ለመዋጋት የሚያመርተው መከላከያ ነው። እሱም ቶሎ አይታይም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ናሙና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ። መከላከያው ከጨመረ በሽታው ታወቀ ማለት ነው።

"እስከዚያ ካልቆየሁስ?" አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ልጄ ገና መራመድ መጀመሯ ነበር።

ባለቤቴ ሞላ ትራክተር ነጂ ነው። ደግፎ አምጥቶኝ በር ላይ ቆሞ ያሾፋል። "በመዥገር የሚሞት ቢሆን እኔ ገና በልጅነቴ አልቄ ነበር!" ሰናይትም አንድ በረት ስለምትገቡ ያንተንም እንየው አለችው። እጅጌውን ሰብስቦ ሰጠ።

ናሙናው ጎንደር ደርሶ ውጤቱ መጣ። የእኔ ባዶ፤ የሞላ ግን ሞልቶ ተገኘ!

ከዚያ ወዲያ ሰናይትን ማን ይስማት? በሽታው ድሮ ይዞህ ሰውነትህ አሸንፎታል፣ የቀረው የውጊያው ምልክት ነው ብትለው፣ "ውስጤ አለ በይኛ" አለ። ቤት እንደገባ ተኛ። ራሴን አለ፣ ወገቤን አለ። ልጃችንን አቅፎ "አደራሽን" ሲለኝ ልጅቷን ከእጁ ተቀበልኩ። ሁለታችንም ብንሄድ ይህቺን ልጅ ማን ያሳድጋታል? ግንባሩን ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው። እሳት የሆነው የእኔ ነው። ቢሆንም ግድግዳ ተደግፌ አጥሚት ሠራሁለት።

መድኃኒቱን ግን አላቋረጥኩም፤ ትኩሳቴ ቀስ እያለ ወረደ። ሁለተኛው ናሙናም መከላከያው መጨመሩን አሳየ። ሰናይት ደስ ብሏት "ይኸው፣ የመዥገሯ ነው፤ ታወቀ!" አለችኝ። ታወቀ! እኔ ድኜ ወደ ተማሪዎቼ ከተመለስኩ በኋላ።

ሞላ ግን እንደተኛ ነው። ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቅ መጣ። እየተፈራረቁ አልጋው ጫፍ ተቀመጡ፤ አይዞህ፣ እግዜር ይማርህ አሉት። ሲወጡም አንዲት ሴትዮ በሐዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"አይዞሽ ልጄ። ደግነቱ አንቺ ጤነኛ ነሽ።"