የእንቁ ተረከዝ

በጅቡቲ ከተማ ሰው ቤት እየኖረች የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ሁሉ ዞሮ ዞሮ በእግሯ ጣት መራመድ ትለምዳለች። ከተማው ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ይተኛል፤ አሠሪ ተኝቶ ሳህን የምታጥብ ሰው ደግሞ ተረከዝ የላትም።

የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር ክብርት ወይዘሪት እንቁ ናት። ቡላኦስ ገበያ መሀል፣ ያ ሁሉ ሚኒባስ እየጮኸ፣ እሷ በጣቷ ነው የምትሄደው። ማንን እንዳትቀሰቅስ? "ለማንኛውም ብዬ ነው" ትላለች። ባቷ ድንጋይ ሆኗል፤ ጣቶቿ ተበትነዋል፤ ነጠላ ጫማዋ ከፊት አልቆ ከኋላ ገና አዲስ ነው። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ያለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ ኮቴዋ ሳይሰማ ከጀርባዬ ቆማ "እንዴት ዋልሽ?" ስትለኝ ስንቴ ጣቴን በመርፌ ወግቻለሁ! ተቀመጪ ብላት አትቀመጥም፤ ስትንቆራጠጥ እኔንም ታንቆራጥጠኛለች።

አሠሪዋ ማዳም ሱሪያ የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ዓይናቸው ደክሟል። አንድ ቀን ከቀትር እንቅልፋቸው ሲባንኑ አጠገባቸው አንዳች ነገር ቆሟል። እንቁ ነበረች፣ መድኃኒትና ውኃ ይዛ። ጩኸታቸው ሰፈሩን ቀሰቀሰው።

"ወይ እንደ ሰው ኮቴሽን አሰሚኝ፣ ወይ እስከ ዓርብ ሌላ ቤት ፈልጊ!" አሏት።

እያለቀሰች መጣችብኝ። "እኚህን ሴትዮ ጥዬ የት እሄዳለሁ? መድኃኒታቸውን ማን ያስታውሳቸዋል?"

ገበያ ሲቀዘቅዝ ሱቁን እየዘጋሁ ልምምድ ጀመርን። እጇን ይዤ "ተረከዝ! ቀጥሎ ጣት!" እላለሁ። ተረከዟ ሲወርድ ባቷ ይሳባል፤ "ወይኔ!" ብላ ተመልሳ ጣቷ ላይ ትወጣለች።

"ወለሉን ሲነካው የሰረቅኩ ይመስለኛል" አለችኝ። ሳቅኩባት እንጂ አንጀቴን በላችው።

ዓርብ በቀትር ማዳም ጋደም እንዳሉ እንቁ ኮሪደሩን ጧ ጧ እያደረገች ተመላለሰችበት። ማዳም ትንፍሽ አላሉም። ዝምታቸው አስፈርቷት ወደ እኔ ሮጠች።

"አንድ ቃል አልተናገሩኝም! አበቃልኝ!" እያለች ሱቄን ትዞራለች፤ እኔም ሳላውቀው አብሬያት እዞራለሁ።

ስልኬ ጮኸ። ማዳም ሱሪያ ነበሩ።

"እንቁ አንቺ ጋ ናት? ኮቴዋን እየሰማሁ ደህና እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ዝም ሲል ባነንኩ። ቶሎ ላኪልኝ።"

እንቁ መንገዱን በተረከዟ እየደበደበች ሄደች። እኔ ብቻዬን ወደማድርበት ጓዳ ገብቼ፣ ምናልባት ከተባረረች ብዬ ያነጠፍኩላትን ፍራሽ ጠቀለልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ።