ዝም ያለ ሰርቨር

«ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰው፣ ለመሆኑ ጎተራውን ከፍቶ አይቶ ያውቃል? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። መጠየቅም ያው መናገር ስለሆነ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ሥራዬ ሰርቨር መጠበቅ ነው፤ ካፖርትና ዱላ የሌለው ዘበኝነት በሉት። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድርያ ካለው ቢሯችን ሆነን የምንጠብቃቸው ሰርቨሮች በየሆዳቸው አንዳንድ ትንሽ ፕሮግራም አለቻቸው፤ «ደህና ነኝ»፣ «አሞኛል» እያለች ትነግረናለች። ታዲያ ሰርቨሮቹም እንደኛ ጎራ አላቸው፤ ገሚሱ ዊንዶውስ፣ ገሚሱ ሊነክስ ነው። ዊንዶውስ ፕሮግራሟ በኤምኤስአይ ፋይል ካልመጣችለት አያስገባትም። ሊነክስ ደግሞ አንዱ አርፒኤም፣ ሌላው ዴብ ካልሆነ ይላል። ሁሉንም ያስማማል የተባለው ኮንፍ የሚሉት የማዘዣ ፋይል ነው፤ ተራ ጽሑፍ። እሱም ቢሆን ዊንዶውስ ላይ ሲታረም በየመስመሩ መጨረሻ ዓይን የማያየው ምልክት ይገባበታል። የኛ ሊነክሶች ያንን ሲያገኙ፣ ወጥ ውስጥ ጸጉር እንዳገኘ እንግዳ ሁሉንም ይተፉታል። እንግዳ እንኳ ይሉኝታ አለው።

የቡድናችን መሪ ጋሼ ደምሴ ናቸው። ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው፤ ጠዋት ማታ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪናቸው የሚያመላልሱኝም እሳቸው። ፋይሉን ሁልጊዜ በዊንዶውስ ላፕቶፓቸው ያርሙታል፤ እኔም ሁልጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ምልክቱን እለቅምላቸዋለሁ። ትልቅ ሰው «ተሳስተዋል» ይባላል እንዴ?

አንድ ቀን ጥርሴን ልነቀል ቀረሁ። ፋይሉ ሳይለቀም ሄደ፤ ሊነክሶቹ ላይ ያሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች በሙሉ ሞቱ፤ ሰርቨር ቢታመም የሚነግረን ጠፋ። ስክሪናችን ግን ዝም ያለውን ሁሉ ደህና ብሎ ስለሚቆጥር፣ ሰርቨራቸው የቆመባቸው ደንበኞች ደውለው እስኪጮሁብን ድረስ አረንጓዴ ለብሶ ዋለ።

በማግስቱ በየኮምፒውተራችን ባደረግነው ስብሰባ ላይ ጋሼ ማይካቸውን ከፍተው ፋይሉን የእኔ አደረጉት፤ «ልጅቷ ገና እየተማረች ነው፤ ጥፋቷን እኔ እሸከማለሁ» አሉ። አለቃችን በትሕትናቸው ልቡ ተነካ። ለእኔ ሊሰጥ የነበረው የሲኒየርነት ቦታ «ትንሽ እስክትበስል» ተብሎ ተላለፈ። ጉንጬ አብጦ አፌ አልከፈት ብሎኝ ነበር፤ ባያብጥም ያው ነበርኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ትራፊክ ያዘን። «ቅር አለሽ እንዴ የኔ ልጅ? ስላንቺ እኮ ነው አንገቴን የሰጠሁት! ሌላ ሰው ቢሆን ከሥራ ፋየር ያስደርግሽ ነበር» አሉኝ። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!» እማዬም ቤት ስነግራት፣ «ዝም በይ፤ ነገ ማን ቢሮ ሊያደርስሽ ነው?» አለችኝ። የዝምታዬ ጎተራ እንግዲህ ይኸው ነው።

በዚያው ሳምንት ለስክሪናችን አንድ ደንብ ጻፍኩ፦ አምስት ደቂቃ ዝም ያለ ሰርቨር እንደሞተ ይቆጠር፤ ቀይ ይብራ። የሚያጸድቁት ጋሼ ናቸው። አነበቡና ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ፦ «ጎበዝ! ዝም ያለ ነገር ደህና ነው ተብሎ አይታመንም።»

ከትልቅ ሰው ቃል መውጣት ነውር ነው። ሰኞ ስብሰባው ላይ ማይኬን ከፍቼ፣ ያ ፋይል የማን እንደነበር እናገራለሁ።

የሜትሮ ባቡር ካርዴን ትናንት ሞልቻለሁ።