የወፍ ቆሎና የእኔ እግር

እናንተዬ፣ ኮምፒውተር ሰው እንደሚያጋልጥ ታውቁ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ካወቅሁ ሳምንቴ ነው፤ ልቤ እስካሁን ቦታው አልተመለሰም።

ነገሩ የጀመረው በአትጠገብ ነው። አትጠገብ እዚህ ዳንግላ ዳር አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ብቻዋን ኗሪ፣ ሀብቷ አንዲት ላም። ከጓሮዋ ጀርባ የሰፈሩ የወል ግጦሽ አለ። ነበር ልበል እንጂ! አሁንማ የወፍ ቆሎ ውጦታል። ታውቁታላችሁ፤ ያ አበባው ቀይና ቢጫ የተቀላቀለበት፣ ግንዱ እሾህ፣ ቅጠሉን ሲያሹት አፍንጫ የሚሰነፍጥ። ከብት ከበላው ይታመማል። ከሥሩ ሣር የሚባል አያበቅልም።

ሰው ተቆጣ። ማን አመጣብን ተባለ። እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል? የአትጠገብ አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ የወፍ ቆሎ አይደል? ከእሷ አጥር ነው የወጣው አልኩ። ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ አልኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አልኩ። ባጃጅ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሳይቀር አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ሰሙና ለእሑድ ቀጠሯት። አረሙን ነቅላ እስክትጨርስ ላሟ ግጦሹን እንዳትረግጥ ሊሉ ነው። አንዲት ሴት ያን ሁሉ ነቅላ! ላሟን ሸጣ መገላገል እንጂ ሌላ ምን አላት? እሷ ግን ዝም። አንገቷን ደፍታ ዝም። ጥፋት ባይኖርባት መች ዝም ትል ነበር? አልኩ አሁንም።

በዚሁ ሰሞን አንዲት ተማሪ ከእንጅባራ መጥታ ቤቴ አረፈች። ሰብለ ትባላለች። «እማማ፣ ይሄ አረም ወደፊት የት የት ሊደርስ እንደሚችል ነው የማጠናው» አለችኝ። በስመ አብ! ያልደረሰበትን በምን ታውቂዋለሽ? ጠንቋይ ነሽ?

ላፕቶፗን ከፈተችልኝ። ለካ አረሙ ያለበትን ቦታ እየዞረች በነጥብ ትመዘግባለች። የቦታውን ሙቀት፣ ዝናቡን፣ ከፍታውን ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች። እሱ ደግሞ ይህንኑ የሚመስል ቦታ እየፈለገ እዚህም ይስማማዋል ይላል። የሚስማማው ቀይ፣ የማይስማማው አረንጓዴ። ሳቅሁባት። ይሄንማ እኔም እሠራዋለሁ! የልጅቱን ጠባይ፣ የእናቷን ቤት፣ የልጁን መሬት አይቼ ማን ማንን እንደሚያገባ ቀድሜ የምናገር ሴት ነኝ።

ካርታውን ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። ዳንግላ ቀይ! የእኛ ግጦሽ ብቻ መስሎኝ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ቀይ። እንጅባራ በብርዱ ተርፋ አረንጓዴ ናት።

«ግራ ያጋቡኝ ሁለት ነጥቦች ናቸው» አለች ሰብለ። አረንጓዴው መሐል፣ አንዱ እንጅባራ፣ አንዱ ጥሊሊ። በራሱ እዚያ አይደርስም አለችኝ።

«ወፍ ጥላው ይሆናላ!» አልኳት።

«እማማ፣ ይቺ ወፍ በሚኒባስ ነው የሄደችው» ብላ ሳቀች። አጥር ጥግ፣ በመስመር ተተክሎ ነው ያገኘሁት ብላ ፎቶውን አሳየችኝ።

ክው አልኩ! ሰማያዊ የቆርቆሮ በር። የእኅቴ በር! የጥሊሊው ደግሞ የአክስቴ ልጅ ጓሮ፤ አራስ ልጠይቅ የሄድኩበት።

ምን ልደብቃችሁ። ባዶ እጅ ሰው ቤት መግባት ነውር አይደል? እኔ ከዓመታት በፊት ባሕር ዳር ለሕክምና ሄጄ፣ ከአንድ ሆቴል አጥር አበባው አምሮኝ ቀንጥቤ መጣሁና ደጄ ተከልኩት። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ ከዳቦው ጋር ሁለት ሦስት ዘንግ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ እይዛለሁ። ለአጥር ይሆንሻል፣ ዶሮ አያሳልፍም እያልኩ ራሴ ተክዬ እመለሳለሁ። የእኔውን ልጆቼ ብሎኬት ሲያጥሩ ነቀሉት፤ እኔም ረሳሁት።

የአትጠገብስ? ሰፈራችን ስትገባ ዶሮዎቿን ሸለምጥማጥ ፈጀባት። ያን ዘንግ አጥሯ ሥር ማን ሻጠላት? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው!

ሮጥኩ ወደ ቤቷ። ላሟን እያለበች ነበር። አንቺ ሴት፣ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ? አልኳት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «አስበሽልኝ የተከልሽልኝን፣ በአደባባይ እሷ ናት ልበል?» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ዕለት ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሣሁ። የሰፈሩን ሁሉ ወሬ ቀድሜ ያወራሁ ሴት፣ የራሴን ሰው ይቅደመኝ? ሁሉንም ዘረገፍኩት። አንዱ ሽማግሌ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው፣ «አንቺ፣ ለመሆኑ ስንት ቤት ጠይቀሻል?» አሉኝ። እኔ ስቆጥር፣ ሰብለ ስትጽፍ፣ ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። የአትጠገብ ላም ነፃ ወጣች፤ ነቀላው ወደ እኔ ዞረ።

ስንመለስ አትጠገብ ክንዴን ያዝ አደረገችና፣ «እባክሽ ከእንግዲህ ቤቴ ስትመጪ ባዶ እጅሽን ነይ» አለችኝ።

ነውሩንስ? በማግስቱ ዶማ ይዤላት ሄድኩ።