አንድ ፈውስ ብቻ የቀራት ክሌሪክ

ሰው ከሥራው ዕረፍት ይወጣል እንጂ ሥራው ከሰው ላይ ዕረፍት አይወጣም። ሾፌር ሠርግ ቢጠራ "እስቲ እነ እትዬን አድርሰህ ና" ይባላል። ልብስ ሰፊ ድንኳን ውስጥ ቢቀመጥ አንዱ ቀስ ብሎ ይጠጋና የተተረተረ እጅጌውን ያሳየዋል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ስመላለስ እንኳ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሙያዬን ካወቀ ጫማውን አውልቆ የእግሩን ጣት ያሳየኛል። አየሽለት ወይ? ካላችሁ፣ አዎ። ጥፍሩ ወደ ሥጋው ገብቶበት ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የማመልጥበት ቦታ ቅዳሜ ከሰዓት አገኘሁ ብዬ ነበር። ጉቱ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ የገሰራ ልጅ ነው፣ ኮምፒውተር ያስተምራል፣ ኦቦ ቱፋ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። እሱ አንድ ጨዋታ አመጣ። እሱ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጣላችሁ፤ እያንዳንዳችሁ በወረቀት ላይ አንድ ሰው ትፈጥራላችሁ፤ ስምና ሙያ ትሰጡታላችሁ። ጉቱ ታሪኩን ይተርካል፣ እናንተ "የእኔ ሰው እንዲህ አደረገ" ትላላችሁ፤ ይሳካለት አይሳካለት ሃያ ገጽ ያላት፣ ቁጥር የተጻፈባት ጠጠር፣ ዳይስ ትወስናለች። ከኑሮ የሚለየው ዳይሷን የምትጥሉት ራሳችሁ መሆናችሁ ብቻ ነው።

እኔ መሆን የፈለግኩት ሌባ ነበር። ጣራ ለጣራ የምትሄድ፣ ጉልበቷን የማያማት፣ ቀጭን ሌባ። ጉቱ ግን "ኧረ ሲስተር፣ እርስዎማ ክሌሪክ ነዎት!" አለኝ። ክሌሪክ ማለት አምላኳን እያገለገለች የቆሰለውን ሁሉ በጸሎት የምታድን ማለት ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ! ሳምንቱን ሙሉ ቁስል ሳጥብ ሰንብቼ፣ ቅዳሜ ደግሞ የወረቀት ቁስል።

እሺ አልኩ። ስሟን ሙዳይ አልኳት፣ የማያማት ጉልበት ሰጠኋት፣ ጥሩ ጫማ ገዛሁላት። ወረቀቱ ላይ "የምታገለግለው" የሚል መስመር ስንደርስ ግን ጨዋታው ቆመ። ጉቱ መጽሐፉን ገልጦ የፈጠራ አማልክት ስም ሲደረድር እኔ ንስሐ አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። አብሮን የሚጫወተው ነጋዴው ኑረዲን "አስተግፊሩላህ!" አለና ወንበሩን ከጠረጴዛው አራቀ። ጉቱ ራሱ የመዘምራን ልጅ ነው፤ መጽሐፉን መልሶ ከደነው። በመጨረሻ ከመካከላችን ትንሿ፣ አስተማሪዋ ሰናይት፣ "ባዶ ተዉት በቃ" አለች። ተውነው። ሙዳይ ቀጣሪዋ ሳይታወቅ ሥራ ጀመረች።

ኑረዲን ከወራቤ በኩል መጥቶ ሮቤ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው፤ ኦሮምኛውን ከኛ በላይ ይናገራል፣ በቀልዱ ሱቁን ያሞቀዋል። ጉቱ ዋሻውን ሲሥል ሶፍ ዑመርን አስመስሎ ቢሥለው፣ "እዚያማ ጭራቅ አታስገባም፤ የተከበረ ቦታ ነው" ብሎ ስሙን ያሰረዘው እሱ ነው። የእሱ የወረቀት ሰው ከማል የሚባል ጦረኛ ነበር። ጉቱ "ለጦረኛ ትንሽ የሚያስፈራ ስም አይሻልም?" ቢለው "ከማል ይበቃል" አለ። ከማል ሁልጊዜ ከፊት ይሄዳል፣ ብዙ ይበላል፣ ያለ ቦታው ይስቃል። ኑረዲን እሱን ሲሆን ድምፁ ሁሉ ይለወጥ ነበር፤ እኛ የተዋናይነት ተሰጥኦ መስሎን ስናደንቅ ከረምን።

አንድ ቅዳሜ ዋሻው ውስጥ አውሬ መጣብን። ከማልና የሰናይት ቀስተኛ እኩል ወደቁ። ክሌሪክ በቀን የምትፈውሰው በቁጥር ነው፤ ሙዳይ ለዚያ ቀን የቀራት ፈውስ አንድ ብቻ ነው። እኔም ሃያ ዓመት እንደለመድኩት አየሁና፣ ማንኛው ይተርፋል? አልኩ። የከማል ቁስል የባሰ ነበር፤ ቀስተኛዋን አዳንኩ። ዳይሷ ተጣለች፣ ከማል ሞተ። ያን ጊዜ "ቀጥሉ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት! አንዱ አልጋ ላይ ሲያልፍ ሌላው አልጋ ላይ የሚጠብቅ አለ፤ አፌ የሠለጠነው እንደዚያ ነው። ኑረዲን አየኝ፤ ወረቀቱን አራት አጥፎ ኮት ኪሱ ከተተና ወጣ።

በሳምንቱ ቀረ። በሌላውም ሳምንት ቀረ። ሱቁ ጎራ ብል "ምን ልታዘዝ? ሻርፕ ነው የፈለጉት?" አለኝ፣ "አንቺ" ሲለኝ የኖረው ሰው! ከዚያ የከፋ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ለወረቀት እንዲህ ይኮረፋል? ብዬ ነደደኝ። ጉቱ ደግሞ "ሲስተር፣ የደም ካሳ ጉማ ሳይጠይቅዎት አይቀርም" እያለ ይስቃል።

ኦቦ ቱፋ፣ የግቢው ባለቤት፣ ሰባ ያለፋቸው የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው። በዳይሷ ምክንያት ቁማር የምንጫወት መስሏቸው ለወራት ገላምጠውናል። ሁለት ቅዳሜ ሳቅ ሲጠፋ ግን አላስቻላቸውም፤ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ኑረዲንን አስጠሩትና ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጡን።

"ማነው የሞተው?" አሉ።

"ወረቀት ነው፣ ኦቦ።"

"ስም አለው?"

"ከማል ይባላል።"

"ስም ካለው ሰው ነው። ማን ገደለው?"

"አውሬ። እኔ ያለኝ ፈውስ አንድ ብቻ ስለነበረ፣ የምትተርፈውን አዳንኩ።"

ኦቦ ቱፋ አሰቡበት። "ደግ አደረግሽ። እንግዲያው ጉማ የለም" አሉ። እኔ ነጠላዬን ሰብስቤ ልነሣ ስል፣ "ተቀመጪ! ከዚያስ?"

"ከዚያማ ቀጠልን።"

"ሳታለቅሱ?"

ኑረዲን መሬት መሬት እያየ "ከማል ታላቅ ወንድሜ ነው" አለ።

ከማል ከሦስት ዓመት በፊት አገሩ ላይ አርፎ ኖሯል። ቤተሰቡ፣ ኑረዲን በሰው አገር ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ብለው "ትንሽ አሞታል" እያሉ ደበቁት። ሽማግሌ ተፈልጎ መርዶው እስኪነገረው ድንኳኑ ፈርሶ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ እናቱ እንኳ እንባቸው ደርቆ ነበር። አገሩ ደርሶ ወደ ሮቤ ተመለሰ፣ ሱቁን ከፈተ፣ ለማንም አልተናገረም። "ሰው መጥቶ ሻርፕ ሲለካ፣ ወንድሜ ሞቷል ልበለው?" አለን። "እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይስቅልኝ ነበር። 'ቀጥሉ' ስትዪ፣ ለቅሶው ለሁለተኛ ጊዜ አለፈኝ።"

ስለ ሞት ለእኔ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው ብዬ የማስብ ሴት ነበርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሱቅ ጨርቅ ስገዛ፣ ሜትሩን የሚለካው እጅ ሐዘንተኛ መሆኑን አላወቅሁም። አፈርኩ። እዚያው አግዳሚው ላይ አለቀስኩ።

ፍርዱ አጭር ነበር፤ "ቅዳሜ ለቅሶ ትቀመጣላችሁ።"

ተቀመጥን። ጉቱ ዳይሷን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባት። ሰናይት ንፍሮ ቀቅላ መጣች፣ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ። ኦቦ ቱፋ እጃቸውን ዘርግተው "ረቢ ጀነተ ሃ ቀነኒሱ" ብለው ጀነትን ሲለምኑለት፣ አንዳችን አሚን፣ ሌላችን አሜን አልን። ኑረዲን የታጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ስለ ከማል አወራን። በልጅነታቸው ጎርፍ ሲሻገሩ ታናሹን ትከሻው ላይ አስቀምጦ አዲስ ጫማውን ለጎርፉ እንደሰጠ፣ ቤት ገብቶም ተገርፎ እንደሳቀ ነገረን። ኑረዲንም ሲያወራ ሳቀ፤ ከሳቁ ሳይወጣ ማልቀስ ጀመረ። ሦስት ዓመት የታመቀ ነው፣ ጊዜ ወሰደ። ማንም "በቃህ" አላለውም።

ሁሉም ካለፈ በኋላ የሙዳይን ወረቀት አውጥቼ ባዶው መስመር ላይ፣ "የምታገለግለው" ከሚለው ፊት፣ "ሐዘንተኛን" ብዬ ጻፍኩ። ንስሐ አባቴ ቢያዩትም የሚቆጡኝ አይመስለኝም። ጉቱም አንድ አውሬ ሳልገድል የሙዳይን የጨዋታ ደረጃ ጨመረልኝ። በሕጉ አይፈቀድም አለ፣ ግን ጨመረልኝ።

ኦቦ ቱፋ ከዚያ ወዲህ አልቀሩም። እኛ ጥበበኛ ሽማግሌ ልናደርጋቸው ወረቀት ስናዘጋጅ ተቆጡ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስታርቅ ኖሬ እዚህም ላስታርቅ? ሌባ አድርጉኝ! ወጣት ሌባ!" አሉ። ጣራ ለጣራ የምትሄደውን፣ ጉልበቷን የማያማትን የእኔን ሌባ ወሰዱብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ያ የሰባ ዓመት ሌባ ከጣራ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት የኑረዲን አዲሱ ጦረኛ ቀስት ደረቱ ላይ ተሰካበት። ሁለቱም ሊሞቱ ነው፤ ሙዳይ የቀራት ፈውስ አንድ ነው። እኔ ስክሪብቶዬን ይዤ አንዴ ኦቦን፣ አንዴ ኑረዲንን አየሁ፤ ሃያ ዓመት የሠለጠነው አፌ አልታዘዘኝም።

ኑረዲን ከዚያ ወዲህ ከጠረጴዛችን ያልጠፋውን ንፍሮ እያላመጠ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

"ለኦቦ ስጪያቸው" አለኝ። "ለእኔ ለቅሶ ትደርሺልኛለሽ።"