ለአንጀላ ስንት ልስጣት?

ልጄ ሜሮን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንድ ቀን ከልደት ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «እማ፣ ሰው ስላደገ ለምን ብር ይሰጡታል? ማደግ እኮ ሥራ አይደለም» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መልስ ሲጠፋኝ እንደማደርገው፣ «ቀበቶሽን እሰሪ» አልኳት።

ይኸው ዘንድሮ አሥራ ሰባት ሞላት፤ መልሱን አሁንም አላገኘሁትም። ጭራሽ ሌላ ጥያቄ ተጨመረበት። መስጠቱስ ይሁን፣ ግን ስንት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሪቬል የምትባል ፊሊፒናዊት ጓደኛ አለችኝ። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ዳውንታውን ካለ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አብረን አንሶላ እናጣጥፋለን። ቤቷም እንደኛው ሳቫና የሚባለው ሰፈር ነው፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። ልጇ አንጀላ አሥራ ስምንት ሊሞላት ነው። እነሱ ዘንድ ሴት ልጅ አሥራ ስምንት ሲሞላት የሚደገሰውን ድግስ፣ ሙሽራው ብቻ የጎደለበት ሠርግ በሉት። አሥራ ስምንት ወንዶች ጽጌረዳ ይዘው በየተራ ያስጨፍሯታል። አሥራ ስምንት ሴቶች ሻማ ያበሩላታል። አሥራ ስምንት ሰዎች ደግሞ እየተጠሩ ብር ይሰጧታል። እኔ የት ተመደብኩ? ብር ላይ! ሻማ ቢሆን እኮ ስንት ዓመት የለመድኩት ሥራ ነው።

ለሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም ነበር። መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ፣ ሁለት ዊንተር ሙሉ፣ ገና ሳይነጋ ከደጄ እየወሰደች ሥራ ያደረሰችኝ ግን ማሪቬል ናት። የካልጋሪን ብርድ የማያውቅ ሰው ይህን ቀላል ነገር ይለው ይሆናል። የቤንዚን ብዬ ሃያ ዶላር መኪናዋ ውስጥ ትቼ ስወርድ፣ ያቺው ሃያ ምሳ ሰዓት ላይ ከምሳ ዕቃዬ ሥር ትገኛለች። እንዴት እንደምትከታት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እንግዲህ ፍረዱኝ። ትንሽ ብሰጥ ውለታዋን የረሳሁ ይመስላል። ብዙ ብሰጥ ደግሞ የሁለት ዊንተሩን ሒሳብ ዘግቼ የተሰናበትኳት ይመስላል። ሰው የሚወዳትን ጓደኛውን የታክሲ ሹፌር ያደርጋል?

ባለቤቴን ጠየቅሁት። ከስልኩ ቀና ሳይል «ሃምሳ» አለ። ለልቅሶም፣ ለሠርግም፣ ለክርስትናም ሃምሳ ነው የሚለው። ሜሮን ደግሞ «እማ፣ ጀስት በስልክሽ ኢትራንስፈር አድርጊላት፣ ላይክ፣ ቱ ሰከንድ ነው» አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን ዘንድ ሄድኩ። ኤርትራዊት ናቸው፤ በአማርኛ የተማሩ ስለሆኑ ከእኔ የተሻለ አማርኛ ይናገራሉ።

«ስሚ ልጄ፣ የምትበይውን የአንድ ሳህን ምግብ ዋጋ ጠይቂና እጥፍ አድርገሽ ስጪ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሳህኑን ማንን ልጠይቅ?» ብላቸው፣ «እሱንስ እኔም ጠይቄ አላውቅም» ብለው ሳቁ።

በመጨረሻ እመቤቴን ጠየቅኋት። ስንት የታመመና የተጨነቀ ልጅ እያላት የእኔን ኖት ትምረጥልኝ? ተራ አልደረሰኝም። አልፈረድኩባትም።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ከባንክ ሁሉንም ዓይነት አወጣሁ፤ አንድ መቶ፣ ሃያዎች፣ አሥሮች፣ አምስቶች፣ ሳንቲም እንኳ አልቀረም። ስሜ አሥራ ሁለተኛ ላይ ነው። ከእኔ በፊት ያሉት አሥራ አንዱ ስንት እንደሚሰጡ አያለሁ፣ ከዚያ መካከሉን እሰጣለሁ። ብልጠት ነው፣ አይደል?

ቅዳሜ ዕለት ኢንተርናሽናል አቬኑ አጠገብ ያለው አዳራሽ ሄድን። አንጀላ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ስታዩአት! የብሩ ተራ ደረሰ። አንደኛው ተጠራ፤ ፖስታ ሰጠ። ሁለተኛዋ፣ ፖስታ። ሦስተኛው፣ ፖስታ። አሥራ አንዱም በፖስታ! ራቁቱን ብር የያዝኩ እኔ ብቻ ነኝ። ስሜ ተጠራ። ሙዚቃው ይደልቃል፣ አንጀላ እየተወዛወዘች ትጠብቀኛለች፣ ሰው ሁሉ ያየኛል። እጄ እኔን ሳያማክር የሚያውቀውን አደረገ። መቶውን መዘዝ አድርጎ አንጀላ ግንባር ላይ ለጠፈው።

እኛ የጨፈረ ሰው የምንሸልመው እንደዚያ ነዋ! ግን የካናዳ ብር ፕላስቲክ ነው። የልጅቷ ግንባር ደግሞ ፓውደር ተቀብቷል። ብሩ ተንሸራቶ ወደቀ። አንስቼ ለጠፍኩት። ወደቀ። በሦስተኛው በመዳፌ ግጥም አድርጌ ያዝኩት። እጄ የልጅ ግንባር ላይ ካረፈ ደግሞ አፌ ዝም ማለት አያውቅበትም። «እደጊ፣ ተመንደጊ፣ የእናትሽን ድካም የምትክሺ ያድርግሽ፣ ክፉ አይይሽ፣ ወጥተሽ በሰላም ግቢ...» ለካ የስም ጠሪው ማይክ አጠገቤ ክፍት ነበር። ሙዚቃው ቆመ። ሜሮንን በዓይኔ ብፈልጋት ፊቷን በናፕኪን ሸፍናለች።

የአንጀላ አያት ግን ከወንበራቸው ተነስተው አጨበጨቡ። አዳራሹም ተከተላቸው። እፎይ ብዬ ልመለስ ስል፣ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ መጥቶ እጄን ያዘና ግንባሩ ላይ አደረገው። ይኼም ሽልማት ፈልጓል ማለት ነው! ሃያ ለጠፍኩለት። ዓይኑ ፈጠጠ፤ ብሩን ይዞ ወደ ጓደኞቹ በረረ። ከዚያ በኋላማ የአዳራሹ ልጅ በሙሉ ተሰለፈ። ሃያው አለቀ። አሥሩ አለቀ። አምስቱም አለቀ። ወደ ሳንቲም ገባሁ። ሳንቲም እንኳ ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ ላብ ካገኘ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ሲሰጠኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የቀረው ማስቲካ ብቻ ነበር። ማስቲካ ሰጠሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሜሮን በሳቅ ፈረሰች። «እማ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ ብር አልፈለጉም እኮ! እነሱ ትልቅ ሰው ሲያገኙ እጁን ግንባራቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ላይክ፣ ለብሌሲንግ። እጅሽን ብቻ ነው የፈለጉት!»

ክው አልኩ። አንድ ኖት መምረጥ አቅቷት ስትጨነቅ የሰነበተች ሴት፣ ለማሪቬል ዘመድ ሁሉ ብር ስታድል! «የሁለት ዊንተሩን በዘመዶቼ ፊት ቆጥራ ከፈለችኝ» ብትልስ?

በማግስቱ እሑድ ነበር። ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። ማሪቬል ናት። የድግሱ ብልጭልጭ ከዓይኗ ሥር አልጠፋም። ብሩን በላስቲክ ከረጢት ሰብስባ አምጥታለች፤ እናቶቹ ተሸማቀው ከየልጆቻቸው የመለሱት ነው። የጎደለው ሁለት ነገር ብቻ ነው አለች። መቶውን አንጀላ «አልመልስም፣ አላወጣውምም» ብላ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ማስቲካው ደግሞ ተበልቷል።

ከረጢቱን ወደ እሷ ገፋሁት። መልሳ ወደ እኔ ገፋችው። በሩ ተከፍቶ የቤቱ ሙቀት ሁሉ ወጣ። ሲጨንቀኝ የሆዴን አወጣሁት። መክፈሌ እንዳልነበረ፣ ልክፈል ብልም እንደማልችል ነገርኳት። ማሪቬል ትክ ብላ አየችኝና ሳቀች። ያኔ የማታ ሥራም ስለነበራት ጠዋት ጠዋት መሪ ላይ እንቅልፍ ይጥላት እንደነበር፣ እኔ ግን ከገባሁ እስክወርድ አፌ ስለማይዘጋ አንድም ቀን እንዳላንቀላፋች ነገረችኝ። «መክፈል የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች። እናንተዬ፣ ያኔ እንግሊዝኛዬ ሃያ ቃል አይሞላም ነበር። በሃያ ቃል ሁለት ዊንተር አውርቻለሁ ማለት ነው!

ለከረጢቱም መላ አገኘን፤ ሳንቆጥር ቤተ ክርስቲያን ወስደን ሳጥን ውስጥ ልንከተው ተስማማን። የእሷ መኪና ሞቃ ስለነበረች በእሷ ሄድን። በር ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች፤ የሰጠኋትን ነጠላ ተከናንባ ወደ ውስጥ አጮለቀች። ሰዉ ወደ ሳጥኑ እየሄደ ሲጥል ስታይ ፊቷ ላይ ጭንቀት መጣ። የራሷን ቦርሳ ከፈተችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«እዚህ ሰው ስንት ነው የሚሰጠው?» አለችኝ።

ቦርሳዋን ዘጋሁባትና እጇን ይዤ ወደ ሴቶቹ በኩል አስገባኋት።