አማቴ በመጡ ቁጥር የሚነሳብኝ ራስ ምታት

ሞያሌ ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው ሐኪም አያጣም። ጨርቅ ከምሸጥባት ዱካዬ፣ ከሱቄ፣ ተነስቼ መንገዱን እስክሻገር ድረስ ብቻ አምስት መድኃኒት ይታዘዝልኛል። አንዷ ጤና አዳም አሽቺ ትለኛለች። ሌላው የግመል ወተት በባዶ ሆድሽ ጠጪ ይለኛል። የቦዳቦዳው፣ የሞተር ታክሲው፣ ሾፌር ሳይቀር ሞተሩን አቁሞ፣ «ማማ ቦሩ፣ ፖሌ ሳና! ሻሽሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው» ይለኛል። ፖሌ ሳና ማለት አይዞሽ፣ አዝናለሁ ማለት ነው። ሁሉም ቤት የማይታጣ መድኃኒት ቢኖር እሱ ነው።

ማማ ቦሩ እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ጥሩወርቅ ነበር፤ ግን በዚህ አገር ሴት ስትወልድ ስሟን ለመጀመሪያ ልጇ ታስረክባለች። ወላጆቼ ከኢትዮጵያ ተሰደው እዚህ ኬንያ ዋልዳ ካምፕ ሲገቡ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ካምፑ ሲዘጋ ሌሎቹ ሄዱ፣ እኛ ቀረን። እዚሁ አደግኩ፣ እዚሁ ቦረና አገባሁ። ባሌ ገልገሎ ከብት ይከትባል። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ከብት ጋ ብዙ ስለሚውል ስታመምም እንደ ከብት ነው የሚመረምረኝ። «በልተሻል? ውሃ ጠጥተሻል? ቆመሽ መሄድ ትችያለሽ?» ብሎ ይጠይቅና፣ ሦስቱንም አዎ ካልኩት ደህና ነሽ ብሎ ይወጣል።

የእኔን ራስ ምታት ግን እንደ ሌላው ራስ ምታት እንዳታዩት። መጀመሪያ ከግራ ዓይኔ ዳር እንደ ተሰበረ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነገር ይነሳል። ይሰፋል፣ ይጠፋል። ከዚያ ፍልጠቱ ግማሽ ራሴን ብቻ መርጦ ይይዛል። ግማሹን ብቻ! ሌላው ግማሽ ቁጭ ብሎ ያያል። ብርሃን እጠላለሁ፣ ድምፅ እጠላለሁ፣ ሽታ ሲሆን ደግሞ አይወራ። ልጆቼ ለምደውታል። ቦሩ ዱካ ሄዶ ጥቁሩን ሌሶ፣ ሰፊውን ጨርቅ፣ ያመጣና መስኮቱን ይጋርድልኛል። ትንሿ ልጄ «እማዬን አትረብሹ!» እያለች ታንሾካሹካለች፤ ሹክሹክታዋ ኢትዮጵያ ድረስ ይሰማል።

ያላደረግኩት የለም። ጤና አዳሙን አሸተትኩ። ዳማከሴ ከወዲያ ማዶ አስመጥቼ ጨመቅኩ። ሻሼን ከማጥበቄ የተነሳ ግንባሬ ላይ መንገድ ወጣ። ዓይንሽ ነው ብለውኝ መነጽር ገዛሁ፤ ራስ ምታቱ አልሄደም፣ ግን እያመመኝ አጥርቼ ማየት ጀመርኩ።

ጎረቤቴ ሐዋ ከዱካዬ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ዓይኗ የሚያመልጠው ነገር የለም። አንድ ቀን ቲማቲሟን እየወለወለች፣ «ልብ ብለሻል?» አለችኝ። «አንቺን የሚያምሽ አማትሽ ከመኪና ሲወርዱ ነው።»

ሳቅኩ። ማታ ግን ወደ ኋላ ሄጄ ማሰብ ጀመርኩ። ባለፈው ወር ያመመኝ መቼ ነው? አዮ፣ አማቴ፣ በመጡ ቀን። ከዚያ በፊት ባለው ወር? አዮ በመጡ ማግስት። ከዚያስ በፊት? እዚህ ላይ ቆጠራዬን አቆምኩ። አንዳንድ ነገር ሲቆጠር ያስፈራል።

አዮ ጡዬ የገልገሎ እናት ናቸው። አዮ በቦረንኛ እማዬ ማለት ነው። ሶሎሎ አጠገብ ይኖራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ዱላቸው ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አማርኛ የለመዱት በወጣትነታቸው ወተት እየሸጡ ስለሆነ አንቱታ አልደረሳቸውም። ሁሉንም አንተና አንቺ ነው የሚሉት። የፖሊስ አዛዡን «አንተ፣ ና እስቲ፣ መንገድ አሻግረኝ» ብለውት አሻግሯቸዋል። የደም ግፊት ስላለባቸው በየአራት ሳምንቱ ማክሰኞ ክኒናቸውን ሊወስዱ ሞያሌ ይመጣሉ። ሶሎሎም እኮ ሆስፒታል አለ። እሳቸው ግን የሞያሌው ነው የሚሻለኝ ብለው እንቢ አሉ። የሚሻላቸው ክኒኑ ሳይሆን የልጅ ልጆቻቸው እንደሆኑ ማን ያጣዋል?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሐዋን አመንኳት። ያመመኝም ይኸው ነው። ቦሩን ስወልድ እናቴ በሕይወት አልነበረችም። አርባ ቀን ሙሉ ያጠቡኝ፣ ያጎረሱኝ፣ ልጁ ሲያለቅስ ተሸክመውት የዞሩት አዮ ናቸው። ታዲያ ልቤ የሚወዳቸውን ሴትዮ ሰውነቴ እንዴት ይጠላቸዋል? ሰው ከራሱ ገላ ጋር በዚህ ይጣላል? ለገልገሎ ምን ብዬ ልንገረው? «እናትህ ሲመጡ ራሴ ይፈለጣል» ይባላል? ብዙ ምራቶች እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ግን የሚሉት ራሳቸውን ሳያማቸው ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ደበቅኩ። አዮ ሲመጡ ያ የተሰበረ መስታወት ዓይኔ ዳር እያብለጨለጨ ፈገግ እላለሁ። እያመመሽ ፈገግ ስትዪ ምን እንደምትመስዪ መስታወት ፊት ሞክሪው። አዮም ያችን ፈገግታ በየወሩ ያዩ ነበር ለካ።

አንድ ማክሰኞ አዮ እንደ ልማዳቸው ወተት ይዘው መጡ። የቦረና ወተት በጭስ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ዕቃውን ራሱን በበላሁት። ያን ቀን ግን ገና ክዳኑን ሲከፍቱት የጭሱ ሽታ አናቴን መታኝ። መሮጥ አልቻልኩም። እዚያው፣ እግራቸው ሥር አስመለስኩ። ሐዋም ቲማቲም ልታደርስ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር።

አዮ ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው ወለሉን ጠረጉ። ፊቴን አጠቡኝ። የወተቱን ዕቃ ከድነው ከቤት ውጭ አወጡት። ሌላ ጊዜ ሦስት ቀን ይቀመጡ የነበሩት ሴትዮ ክኒናቸውን ተቀብለው በማግስቱ ሄዱ። ልጆቹን አንድ በአንድ ራሳቸውን ዳበሱ። እኔን በሩ ላይ ሆነው «እረፊ» አሉኝ። እረፊ ብቻ።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ከሶሎሎ የመጣው መኪና አዮን አላመጣም። መልእክት አመጣ፤ መንገዱ አድክሞኛል፣ አትጠብቁኝ የሚል። ቦሩ መንገድ ዳር ቆሞ የወረደውን ሰው ሁሉ ሲያይ ነበር። ባዶውን ተመለሰ።

እኔስ? ከሰዓት በኋላ ያ የተሰበረ መስታወት ግራ ዓይኔ ዳር ብቅ አለ።

ገልገሎ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ሲገባ ሌሶው ተጋርዷል፣ እኔ ግድግዳውን ዞሬ ተኝቻለሁ። በሩ ላይ ቆመ።

«እናቴ እኮ አልመጣችም» አለ።

«አልመጡም» አልኩት።

«አመመሽ ግን።»

«አመመኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ለካ እሱም ያስብ ኖሯል። ለካ ስንት ወር እናቱንና ሚስቱን ሆዱ ውስጥ አስቀምጦ ማንን ልምረጥ እያለ ኖሯል። ጨርቁን ግንባሬ ላይ አደረገና እጁን አላነሳም። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ዓይኔን ገልጬ ለማየት አልቻልኩም። ብርሃኑ ያመኛላ።

ሲሻለኝ ክሊኒክ ይዞኝ ሄደ። ነርሷ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ ሁሉም ሲስታ ይላታል። መቼ መቼ ያምሻል ብትለኝ ምን ልበል?

«አማቴ ሲመጡ» አልኳት።

ሲስታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሁላችንንም ነው» አለች። ከዚያ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ በየስንት ጊዜው ይመጣሉ አለችኝ። በየአራት ሳምንቱ። ስንት ልጅ አለሽ? አራት። የእርግዝና መከላከያ ትወስጃለሽ? እወስዳለሁ፣ ክኒን። አሳዪኝ።

በመሐረብ ጠቅልዬ የምይዛትን ክኒን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሦስት ረድፍ ነጭ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ረድፍ ቡናማ። ሲስታ በጥፍሯ ቡናማዎቹን ነካ ነካ አደረገች። «ሲያምሽ እዚህ ነሽ?»

አየሁት። ካመመኝ ሳምንት አልሞላኝም፤ ከቡናማዎቹ የቀረችኝ አንዲት ብቻ ነበረች። ያመመኝ ስጀምራቸው ነው። ባለፈው ወር፣ ወተቱ የተከፈተ ዕለትስ? ጠዋት ሁለተኛዋን ቡናማ ውጬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጮቹ ውስጥ ሆርሞን አለ፤ ቡናማዎቹ ውስጥ የለም። ነጮቹ ሲያልቁ ሆርሞኑ በአንድ ጊዜ ይወርድና የወር አበባ ይመጣል፤ አንዳንድ ሴት ላይ ራስ ምታቱም አብሮ ይመጣል። (የወር አበባ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ወንድ መሆን አለበት። የትኛው አበባ ነው እንዲህ የሚያደርገው?) ክኒኔ በየሃያ ስምንት ቀን ይዞራል። የአዮ ቀጠሮም በየሃያ ስምንት ቀን ይዞራል። ሁለቱ አንድ ማክሰኞ ላይ ተገናኙና በዚያው አብረው ቀሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? እኛ ደግሞ አህያውን ሳናየው ዳውላውን ደበደብን።

ሲስታ ስለተሰበረው መስታወት ስነግራት ግን መሳቋን ተወች። ብርሃን እያየ ራሱን የሚያመው ሰው ይህን ዓይነት ክኒን መውሰድ የለበትም፣ ለአንጎል አደጋ ያጋልጣል አለችኝ። ዶክተሩም አየኝ። ክኒኑን አስተዉኝና ሌላ ዓይነት መከላከያ ሰጡኝ። የራስ ምታቱን መድኃኒት ደግሞ ራስሽ ከተፈለጠ በኋላ ሳይሆን ሕመሙ ገና ሲጀምር ዋጪው፣ ጾምሽን አትዋዪ፣ በየቀኑም አትልመጂው አሉኝ። ያመመሽንም ቀን ጻፊ።

ገልገሎ ውጭ አግዳሚው ላይ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ላም ብትሆኚ ኖሮ በሁለተኛው ወር አውቀው ነበር» አለ።

እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይባባል።

በነጋታው ሶሎሎ ሄድን። መንገዱ ጤነኛውንም ራስ የሚያሳምም ነው፤ እኔን ግን ምንም አላለኝም። አዮ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው አበጥ፣ ገርጣ ብሏል። ክኒናቸው ካለቀ ቀናት አልፈዋል። የሶሎሎው ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ አልሄዱም። ገልገሎ የሴት ነገር እናቱ ፊት ላለማውራት ሸሽቶ በረት ገባና የደህና ፍየል አፍ ከፍቶ ይመረምር ጀመር። እኔ እግራቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አዮ፣ ያመመኝ በእርስዎ አይደለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። እንደማያውቁ ያስታውቅ ነበር።

ስለ ነጩና ቡናማው ክኒን ነገርኳቸው። ስለ ወር አበባዬ ነገርኳቸው። ሳይመጡም እንዳመመኝ ነገርኳቸው። ስጨርስ፣ «ሳልመጣም አመመሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «አመመኝ» አልኳቸው። «በደንብ?» «በጣም።» ፊታቸው በራ። ምራትሽ ታመመች ተብላ እንዲህ ደስ ያላት አማት አላየሁም። ሁለት ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙና እንባቸው ወረደ።

ከዚያ በድንገት እጃቸውን ከጉንጬ አነሱ።

«ግማሹን ነው የሚያምሽ?» አሉኝ።

«ግማሹን።»

«መጀመሪያ ይበራል? እንደ መብረቅ?»

ለካ አዮንም ያማቸው ኖሯል! ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ የወር አበባቸው እስከቆመ ድረስ፣ በየወሩ። እሳቸውም ጥፋተኛ አላጡም፤ የባላቸውን እናት ያዙ። ሴትዮዋ ራሴን ያዞሩብኛል ብለው ከግቢ እስከ ማስወጣት ደረሱ። አሮጊቷ ራቅ ብለው ጎጆ ሠርተው፣ እዚያው ኖረው፣ እዚያው ሞቱ።

«ከሞቱ በኋላስ ሕመሙ ተወዎት?» አልኳቸው።

«አልተወኝም» አሉ። «ከመቃብርም ሆና ታሳምመኛለች እያልኩ ሰደብኳት።»

ዱላቸውን አንስተው ተነሱ። ገልገሎን ከፍየሎቹ መሀል ጠሩት። ሦስታችን ቀስ እያልን ከመንደሩ ወጣ ብሎ ወዳለው የአሮጊቷ መቃብር ሄድን። ድንጋይ ተከምሮበታል። አዮ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀመጡና በቦረንኛ ማውራት ጀመሩ። ክኒን የሌለበትን ዘመን፣ አማታቸውን ያባረሩበትን ቀን፣ ጎጆውን፣ ሁሉንም። መጨረሻ ላይ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ።

«ይቅር በይኝ፣ አዮ» አሉ። «ራሴን የምታሳምሚኝ አንቺ አልነበርሽም።»

እኔንም ገልገሎንም አየት አደረጉ። የመቃብር ውሸት አይወዱም።

«ሁልጊዜማ አንቺ አልነበርሽም» አሉ።