ኳሷ ስትነቃነቅ ማን አየ?

በአንድ ቃል የሚነገር ሥራ ያለው ባል ማግባት ትልቅ ጸጋ ነው። ይህን የምታውቀው ያጣችው ብቻ ናት። «ባልሽ ምን ይሠራል?» ስትባል «አስተማሪ» ብላ ወደ ሌላ ወሬ የምትሻገር ሴት ምን ዓይነት ምቾት ላይ እንደተቀመጠች አይገባትም። ሹፌር፣ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ሒሳብ ሹም። አንድ ቃል፣ አለቀ። ሥራው ሁለት ዐረፍተ ነገር ከፈለገ ጠያቂዋ ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች። ሦስተኛው ላይ ትጠራጠራለች። አምስት ደቂቃ ከፈጀ ግን ጥርጣሬውም ይቀርና ታዝንልሻለች፤ ክንድሽን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል» ትልሻለች። አምቦ ከተማ ውስጥ እንደኔ «አይዞሽ» የተባለች ባለትዳር ያለች አይመስለኝም።

ባሌ የጎልፍ ተጫዋች ነው።

ይኸው! ዓይናችሁን ጠበብ ስታደርጉ ታየኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ባለሱቅ ናቸው፤ ነገር ቶሎ ይገባቸዋል። ትንሽ ኳስ፣ ረጅም ዱላ፣ ሰፊ ሜዳ ብዬ ባስረዳቸው «ገና ነዋ! ይህን ለማለት ነው ይህን ያህል የደከምሽው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቃቸው ሁሉ «ባሏ ገና ይጫወታል» እያሉ ይመልሱልኛል። ሰሚው ግን የሚሰማው እንደ መሰለው ነው፤ «ሠላሳ ዓመት አልፎት ገና ይጫወታል?» ብሎ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል።

እኔ ነርስ ነኝ። የመጀመሪያ ምድቤ ጎጆ ነበር፤ ብርዱ ከታማሚው ይልቅ አካሚውን የሚያንቀጠቅጥበት ከተማ። አንድ ጠዋት ኦቦ ድንሳ የሚባሉ ሽማግሌ ገብስ ሲያጭዱ ጣታቸውን ማጭድ ቆርጧቸው መጡ። ቁስሉን ስሰፋ ዓይኔ አጠገባቸው ከቆመው ልጃቸው እጅ ላይ አረፈ። ቀኝ እጁ በፀሐይ የጠቆረ ነው፤ ግራው ከአንጓው ጀምሮ ፈዘዝ ያለ፣ የሌላ ሰው እጅ የተገጠመለት ይመስላል። በሙያዬ መጣብኝ።

«ይህ እጅህ መቼ ጀመረው?» አልኩት።

«ስምንት ዓመት ይሆነዋል።»

«ያሳክክሃል?»

«አያሳክከኝም። ጓንት ነው፤ በአንድ እጅ ብቻ ነው የምናጠልቀው።»

አባትየው ከአልጋው ላይ ሆነው፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ «አትድከሚ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ ነው። «እጁ ደህና ነው። የታመመው ሥራው ነው።»

ቶሌራን ያወቅሁት እንዲህ ነው። አጎቱ አዲስ አበባ አንድ የጎልፍ ሜዳ ላይ ዘበኛ ነበሩና እሳቸው ዘንድ ሆኖ ሊማር ሄደ፤ ተማረም፤ ግን ከትምህርት በኋላ የተጫዋቾችን ቦርሳ ይሸከም ነበር። በተጣሉ ኳሶችና ጫፉ በተሰበረ ዱላ ሲለማመድ ከርሞ፣ አንድ ቀን ቦርሳቸውን የተሸከመላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አሸነፋቸው። ከዚያ አሠልጣኝ፣ ከዚያ ባለሙያ ተጫዋች፣ ከዚያ ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ሉሳካ። ሲወራ እንዲህ አጭር ነው። ሲኖር ግን ያኔ ናይሮቢ የሚሄደው በሞያሌ በኩል፣ በአውቶቡስ፣ ቦርሳውን እንደ ታማሚ ዘመድ አቅፎ ነው። ኬላ ላይ አንድ ፈታሽ ዱላዎቹን እያወጣ ሲደረድር ቆይቶ «ይሄ ሁሉ ዱላ ለማን ነው?» ብሎ ጠይቆታል። መልሱ እስካሁን ይጠፋበታል።

ኦቦ ድንሳ ልጃቸው የጤና መኮንን እንዲሆንላቸው ነበር የሚመኙት። እሱ እንኳን ቢቀር ከብትና ድንች አለ። ከተጋባን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሥራው ጠየቁት።

«ሜዳው ስንት ጥማድ ይሆናል?»

ቶሌራ አስልቶ ነገራቸው።

«ሳሩን ምን ከብት ይበላዋል?»

«ከብት አይገባበትም፣ አባባ። በመኪና ያጭዱታል።»

«ድርቆሹንስ ምን ያደርጉታል?»

«ይደፉታል።»

ከበግና ከገብስ ጋር ለኖረ የጎጆ ሰው ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም። ደግሞ በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ጥቂት ጊዜ የመታ ነው ሲባሉ፣ «ሥራ ያነሰበት ሰው የሚሸለምበት ጨዋታ!» ብለው ለጎረቤት አጫወቱ። ልጃቸው የት እንደሚሠራ የሚጠይቃቸው ሰው ሲገኝ ግን «አዲስ አበባ አካባቢ» ይላሉ። ሉሳካ አዲስ አበባ አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ያኔ ወደ አምቦ ጤና ጣቢያ ተዛውሬያለሁ። እነ ቶሌራ የሚጫወቱበት ዙር ዓመቱን ሙሉ ከአገር አገር እየዞረ ይቆይና በመጨረሻው ውድድር ይዘጋል፤ ከላይ የተሰለፉት ለሚቀጥለው ዓመት ቦታቸውን ይይዛሉ፣ የቀሩት ይሰናበታሉ። የመጨረሻው ውድድር ካምፓላ ነበር፤ ቶሌራም ልክ መስመሩ ላይ ቆሟል። አንዲት ምት ከጨመረች ውጭ ነው። በዚያ እሑድ ከቸርች ተመልሼ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ደወለ።

«እንዴት ሆነ?»

«በአንድ ምት።»

«ገባህ?»

«ወጣሁ፣ አያንቱ።»

ከዚያ ነገረኝ። ሊጨርስ ኳስ የሚከትበት ሁለት ጉድጓድ ሲቀረው ኳሷ ረጅም ሳር ውስጥ ገባች። ሊመታት ሲዘጋጅ የዱላው ጫፍ ሳሩን ነካ፤ ሳሩ ኳሷን ነካ፤ ኳሷ ተነቃነቀች። ምን ያህል? የጤፍ ፍሬ ታህል። ሕጉ ደግሞ ኳሷን ያነቃነቀ ሰው ወደ ቦታዋ ይመልሳት፣ አንድ ምትም ይቆጠርበት ይላል። ቶሌራ እጁን አወጣ፤ አብሮት የሚጫወተውንና ምቱን የሚመዘግብለትን ኡጋንዳዊ ጠራና «አንድ ጻፍብኝ» አለው።

«ሰውየው አይቶህ ነበር?» አልኩት።

«ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር።»

«ዳኛስ?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ማን አየህ?»

«እኔ አየኋታ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ኳየር ውስጥ የዘመርኩ ሴት ነኝ። እግዚአብሔር የተሰወረውን ያያል የሚል መዝሙር ስንት ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ ዘምሬያለሁ። በዚያ እሑድ ግን፣ ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ፣ እሱም ዞር ባለለት ብዬ ተመኘሁ። ሆዴ ውስጥ ልጅ እየተገላበጠ፣ ዓመቱን ሙሉ ብቻዬን አድሬ፣ የጤፍ ፍሬ! መዝሙርና ኑሮ ያን ቀን ተጣሉብኝ።

በንዴቴ ላይ የቶሌራ እህት ከጎጆ ደወለች። «ወንድሜ እንዴት ሆነልኝ?» ስትለኝ «ምን ይሆናል? በገዛ ጥፋቱ ተቀጥቶ ወጣ» ብዬ መለስኩላት። ይኸው ብቻ ነው ያልኩት። ግን ወሬ እንደምታውቁት ነው፤ ከአምቦ ተነስቶ ያን ኮረኮንች ወጥቶ ጎጆ እስኪደርስ ያልተነቃነቀ ነገር አይቀርለትም። ማክሰኞ ዕለት «ተቀጥቶ ወጣ» ነበር። ረቡዕ «ሲያታልል ተይዞ ተባረረ» ሆነ። ዓርብ ላይ ኡጋንዳ ታስሯል ተባለ።

የታሰረው ሰው ዓርብ ዕለት አምቦ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዳይፐር ማስጫ ገመድ እየወጠረ ነበር። መናደዴን ያውቃል። ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተራ ጠባቂ ታካሚዎች ነበር የምንተላለፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ድንሳ መጡ። ሳይደውሉ፣ በመጀመሪያው መኪና፣ ለቀብር ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው። ሰላምታውን አሳጠሩት። የጎጆ ሰው ሰላምታ ካሳጠረ ቤት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። የተባባሉት በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ሳቀብላችሁ ክብደቱ ከቀነሰ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቁጭ በሉ ቢባሉ እምቢ አሉ። «በእኛ ቤት በማታለል ስሙ የተነሳ ሰው የለም» አሉት ቆመው። «ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ። ከአንተ ልስማ ብዬ መጣሁ። ማል ጎቴ? ምን አደረግህ?»

«ኳስ አነቃነቅሁ» አለ ቶሌራ።

«የሰው?»

«የራሴን።»

«በእጅህ?»

«አይደለም፤ ዱላው ሳሩን ነክቶ ነው።»

«ማን ያዘህ?»

«ማንም አልያዘኝም።»

«ካልተያዝክ ማን ከሰሰህ?»

«እኔው ነኝ የተናገርኩት፣ አባባ።»

ኦቦ ድንሳ ያኔ ተቀመጡ። ኮታቸውን ፈቱ። አማቴ በአካባቢያቸው የድንበር ክርክር የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው፤ አንዱ ባለመሬት በሌላው ላይ እርሻ ሲገፋ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። «ይህን ያህል ዓመት ድንበር ላይ ቆሜያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አልገፋሁም ብሎ በልጁ የማለ አይቻለሁ። ድንጋዩ ራሱ ሄደ ያለኝ ሰው አለ። ገፍቻለሁ ብሎ በእግሩ የመጣ ግን አንድም አላየሁም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ እንዲህ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን ለልጄ እንደ ጥፋት ነገርሻት?»

መሬት መሬት ሳይ ቶሌራ ቀደመኝ፤ «እሷ በደንብ ነው የነገረቻት» አለ፤ «ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ እህቴ አዛብታ ሰምታ ነው።»

ኔትወርኩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። ለራሱ የጤፍ ፍሬ ታህል ያልዋሸ ሰው ለእኔ ዋሸ። ጓዳ ገብቼ በመሀረብ አፌን ይዤ አለቀስኩ፤ ያረገዘች ሴት ለቅሶ ምክንያት አይጠየቅም እንጂ ያን ቀን ብጠየቅ ምክንያቱን አሳምሬ አውቀው ነበር።

ከምሳ በኋላ ኦቦ ድንሳ «እስቲ ያቺን ነገር አሳየኝ» አሉ። ወደ ጉደር መውጫ ያለው የግጦሽ ሜዳ ድረስ ሦስታችንም ወጣን፤ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቶሌራ ኳስ አስቀምጦ መታ። አባቱ አንገታቸውን አስግገው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ተከተሏት፤ ከላሞቹ አልፋ፣ ከባሕር ዛፎቹ ወዲህ ወደቀች። በዚህ ሁሉ ዓመት ልጃቸው ሲመታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ቀን ነው። በቀብር ኮታቸው ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ሄዱ። ኳሷን አነሱ፤ ጭቃዋን በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ተመልሰው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«ድገማት» አሉት።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲመላለሱ ዋሉ። «ተዉ አባባ፣ እኔ አመጣታለሁ» ቢላቸው «አንተ ምታ» ብለው ገሠጹት። ማታ ስንለያይ ቆመው ጸለዩ፤ ለእኔ፣ ለሚወለደው፣ ለልጃቸው እጅ፤ አሜን ሊሉ ሲሉ ደግሞ ትዝ ብሏቸው «ኳሷንም ባርካት» አሉ።

ቶሌራ ያን ዓመት ከዙሩ ውጭ ነበርና ሌሊሴ ስትወለድ አምቦ ነበር። ቦታውን ይዞ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሳምንት ሉሳካ ነበር የሚገኘው፤ በሥራ ባልደረቦቼ ፊት እጄን ይዞ ከእኔ በላይ ያላበው ሰው አይኖርም ነበር። ይህን «ለበጎ ነው» ብዬ ልዘጋላችሁ እችል ነበር፤ ግን አልዋሽም፣ ያ ዓመት ከባድ ነበር። የሰፈር ልጆችን ስፖርት አስተማረ፤ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ጀማሪዎችን አሠለጠነ። በዓመቱ ማጣሪያ ተወዳድሮ ተመለሰ። እስካሁን አላሸነፈም። ከፍ ያለው ደረጃው ዘጠነኛ ነው፤ ጎጆ ውስጥ ግን፣ የአማቴን ወሬ ካመናችሁ፣ ካሸነፈ ከርሟል።

አሁን የቀረኝ ችግር አንድ ነው። ውድድሩ አራት ቀን ነው፤ ሐሙስና ዓርብ ሁሉም ይጫወታል፣ ዓርብ ላይ ግማሹ ይቆረጣል። ያለፈ እስከ እሑድ ይቆያል፤ የተቆረጠ ሻንጣውን ይዞ በማግስቱ አውሮፕላን ወደ ቤቱ። ባለፈው «ቁርጡን ሳያልፍ ቀረ» ስላቸው እትዬ ሙሉ «በዓርብ ጾም ምን ቁርጥ አማረው?» ብለው ተቆጥተውኛል።

እና ሐሙስ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት እንበረከካለሁ፤ «ጌታ ሆይ፣ እጁን አጽናለት፣ ምቱን አሳንስለት» እላለሁ፤ ከልቤ ነው። ዓርብ ይመጣል። ሌሊሴ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላ «አባ ነገ ይመጣል ወይስ ሰኞ?» ትለኛለች። ለመጸለይ እንደገና እንበረከካለሁ፤ ካለፈ ደስ ይለኛል፣ ከተቆረጠ ነገ ቤት ነው።

«አንተ ታውቃለህ» ብዬ እነሳለሁ።